የማይቶኮንድሪያ ምስክርነት በባርናክሎች የዘር ሐረግ ላይ

እ.ኤ.አ. በ2015 ሸንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ቴትራክሊታ ሴራታ ስለምትባል የባሕር ጠረፍ ባርናክል አንድ ጥናት አውጥተዋል። ጥናቱ የዚችን ፍጥረት የማይቶኮንድሪያ ጂኖም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ፥ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ከተነበቡት ከሌሎች ባርናክሎች ጂኖሞች ጋር ያስተያያል። ከዚያም ባላኒዴ ተብሎ የሚጠራው የታወቀ ቤተሰብ ከአንድ አባት የወረደ እውነተኛ ቤተሰብ አይመስልም ወደሚል አሳብ ይደርሳል። ይህን ጥናት በጥናት ክበባችን ባነበብን ጊዜ ለሁለት ተከፈልን። ከፊሎቻችን ነገሩ ተፈርዷል፥ የቆየው አመዳደብ መሻር አለበት አልን፤ ከፊሎቻችን ግን ለዚህ ያህል ፍርድ የቀረበው ማስረጃ አይበቃም ብለን ተከራከርን። በሚከተሉት መስመሮች የምናቀርበው አስተያየት ከዚያ ክርክር የተገኘ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

አስቀድመን ስለ ፍጥረቱ ጥቂት መናገር ይገባናል፤ አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፥ ባርናክልን በዐይኑ ያየ ከመካከላችን ብዙ አይገኝምና። ባርናክል ከዐለት፥ ከመርከብ ሆድ፥ ከኤሊ ጀርባ ወይም ከዓሣ ነባሪ ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፥ ሰውነቱን በጠንካራ ሰሌዳዎች ያጠረ የባሕር እንስሳ ነው። በመልኩ ቀንድ አውጣን ወይም ሌላ ባለ ዛጎል ፍጥረትን ስለሚመስል፥ ሊኔየስም ሆነ ከእርሱ በኋላ የተነሣው ኩቪዬ ከዛጎላሞቹ ጋር ቆጥረውት ነበር። ነገር ግን ጆን ቮን ቶምሰን የተባለው የጦር ሠራዊት ሐኪም በአየርላንድ ደሴት፥ በኮርክ ወደብ አጠገብ ከባሕር የቀዳቸውን ጥቃቅን እጮች እየተከታተለ ሲመለከት፥ በውኃው ውስጥ እንደ ልባቸው ይዋኙ የነበሩት እጮች ተጣብቀው ወደ ባርናክልነት ሲለወጡ አየ፤ ግኝቱንም በ1830 አሳተመ። እጮቹ ደግሞ የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመዶች፥ ማለት የክሩስታሲያ፥ መሆናቸው ግልጽ ነበር። ስለዚህ ባርናክል ማለት በወጣትነቱ ይዋኝ የነበረ፥ በኋላ ግን በራሱ በኩል ተጣብቆ ቀሪ ዘመኑን በእግሮቹ ምግብ ወደ አፉ እየሳበ የሚኖር የሸርጣን ዘመድ ነው።

ከቶምሰን በኋላ ቻርልስ ዳርዊን ከ1846 እስከ 1854 ድረስ ስምንት ዓመት ያህል በእነዚህ ፍጥረታት ላይ ደከመ፤ በ1851 እና በ1854 ስለ ሕያዋኑና ስለ ቅሪተ አካላቱ ያሳተማቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ ድረስ የዘርፉ መሠረት ናቸው። ከላይ የጠቀስናትን ቴትራክሊታ ሴራታንም ስም የሰጣት እርሱ ነው። እንግዲህ ሸንና ባልደረቦቻቸው የያዙት ጥያቄ ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት በቢላዋና በማጉያ መነጽር የተጀመረ ጥያቄ ነው፤ አዲስ የሆነው ምስክሩ ነው።

ይህ አዲስ ምስክር ማን ነው? ማይቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፥ ለሕዋሱ ኀይል የሚያመነጭ ጥቃቅን አካል ነው። ከሕዋሱ ኒውክለስ የተለየ የራሱ ዲ.ኤን.ኤ. አለው። ይህም ዲ.ኤን.ኤ. በብዙዎቹ እንስሳት ዘንድ እንደ ቀለበት የተገጠመ፥ ብዙውን ጊዜ ከ15,000 እስከ 17,000 የሚደርሱ ፊደላት ያሉት አጭር ጽሑፍ ነው። የሰው ልጅ የማይቶኮንድሪያ ጂኖም በ1981 ሲነበብ 16,569 ያህል ፊደላት ተገኝተውበታል፤ የቴትራክሊታ ሴራታ ደግሞ 15,200 ነው። በዚህ ጽሑፍ ላይ በተለመደው ቁጥር 37 ዘረ መሎች ይገኛሉ፤ ይኸውም 13ቱ የፕሮቲን፥ 22ቱ የአመላላሽ አር.ኤን.ኤ.፥ 2ቱ የራይቦሶም አር.ኤን.ኤ. ናቸው።

ተመራማሪዎች ይህን ጽሑፍ የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው ከትንሽ ሥጋ እንኳ ማውጣት ይቻላል። አጭር ስለ ሆነ በሙሉ ለማንበብ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ፥ የአባትና የእናት ጽሑፍ ተደባልቆ ንባቡን አያውከውም። ከዚህም ሁሉ በላይ ሁለት ዓይነት ንባብ ይሰጣል። አንደኛው በየዘረ መሉ ውስጥ ያሉት ፊደላት እንዴት እንደ ተለዋወጡ መቍጠር ነው። ሁለተኛው ዘረ መሎቹ በቀለበቱ ላይ የተሰለፉበትን ቅደም ተከተል ማስተያየት ነው። ሁለተኛው ንባብ ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል ቡርና ባልደረቦቹ በ1998 አሳይተዋል፤ አንዲት የአመላላሽ አር.ኤን.ኤ. ዘረ መል ከቦታዋ ተነሥታ በሌላ ስፍራ መገኘቷ በነፍሳትና በክሩስታሲያ ዘንድ አንድ ዓይነት በመሆኑ፥ የሁለቱን ዝምድና ለማስረዳት ትልቅ ድጋፍ ሆኗል።

አሁን ወደ ጥናቱ እንመለስ። ሸንና ባልደረቦቻቸው የዐሥር ባርናክል ዝርያዎችን ጂኖም ከሌሎች ጥቂት ክሩስታሲያ ጋር አሰልፈው፥ በሁለት የታወቁ የስሌት ዘዴዎች የዘር ሐረግ ሠሩ፤ ሁለቱም ዘዴዎች አንድ ዓይነት ሐረግ ሰጧቸው። በሐረጉ ላይ የባላኒዴ ቤተሰብ አባል የሆነችው አምፊባላነስ አምፊትሪት ከስትራያቶባላነስ አማሪሊስና ከኖቢያ ግራንዲስ ጋር ተጠግታ ተገኘች፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በቀድሞው አመዳደብ የሌሎች ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። በአንጻሩ የባላኒዴ አባል የሆኑት ሁለት የሜጋባላነስ ዝርያዎች ከዚህ ጉባኤ ተለይተው ቆሙ። ከዚህም ሌላ የሁለቱ ሜጋባላነሶች የዘረ መል ቅደም ተከተል ሦስቱ ከተካፈሉት ቅደም ተከተል በብዙ የተለየ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የፊደላቱም ንባብ፥ የቅደም ተከተሉም ንባብ ባላኒዴ እውነተኛ ቤተሰብ እንዳልሆነ ያመለክታሉ አሉ። ሆኖም የተመረመሩት ዝርያዎች ጥቂት መሆናቸውንና የውስጥ ቅርንጫፎቹ ድጋፍ መካከለኛ መሆኑን ጠቅሰው፥ ነገሩ ገና ሌላ ማረጋገጫ እንደሚያስፈልገው ራሳቸው ተናግረዋል። ይህን ማለታቸው ለጥናቱ ክብር ነው፤ በክበባችን ጥናቱን እንደ መጨረሻ ፍርድ የቆጠርነው ሰዎችም ከሁሉ አስቀድመን የዘለልነው ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ነበር።

የእኛ ትችት በሦስት ነጥቦች ላይ ያርፋል።

የመጀመሪያው ነጥብ ስለ ምስክሮች ቍጥር ነው። በአባቶቻችን ሸንጎ አንድ ሰው ብቻውን ያየውን ነገር ደጋግሞ ቢናገር ምስክሩ አንድ እንጂ ብዙ አይባልም። ጥናቱን ላይ ላዩን ለሚያነብ ሰው ሦስት ማረጋገጫዎች የቀረቡ ይመስለዋል፤ የመጀመሪያው ስሌት፥ ሁለተኛው ስሌትና የዘረ መሎቹ ቅደም ተከተል። ነገር ግን ሁለቱ ስሌቶች ያነበቡት አንዱን ጽሑፍ ነው። ሁለት ዳኞች አንድን የምስክር ቃል ሰምተው አንድ ዓይነት ፍርድ ቢሰጡ ዳኞቹ መስማማታቸውን እንረዳለን እንጂ ምስክሩ እውነት መናገሩን አናውቅም። ቅደም ተከተሉም ቢሆን የተገኘው ከዚያው ቀለበት ነው። 37ቱ ዘረ መሎች ተያይዘው በአንድነት ከእናት ወደ ልጅ ስለሚወርዱ ታሪካቸው አንድ ነው፤ ያም ታሪክ የእናቶች ታሪክ ነው። የእናቶች ታሪክ ከዝርያው ታሪክ ጋር የማይስማማበት ጊዜ መኖሩ ደግሞ የታወቀ ነገር ነው። የዋልታ ድብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በማይቶኮንድሪያው ሲመዘን ከቡናማ ድቦች መካከል ገብቶ ይገኛል፤ የኒውክለሱ ዲ.ኤን.ኤ. በ2012 በሰፊው ሲመረመር ግን ራሱን የቻለ የቆየ ሐረግ ሆኖ ተገኝቷል። በሁለቱ መካከል በጥንት ዘመን መዳቀል ስለ ነበረ፥ የእናቶቹ ሐረግ ከዝርያው ሐረግ ተለይቶ ሄደ ማለት ነው። በባርናክሎች ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል ማለታችን አይደለም። የምንለው፥ ማይቶኮንድሪያ ብቻውን ሲናገር እንዲህ ያለውን ስሕተት ከራሱ ቃል መለየት አይቻልም ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ መመሳሰልና ስለ መለያየት ትርጉም ነው። ሄኒግ የተባለው የጀርመን ሊቅ ከ1950 ጀምሮ ባስተማረው መሠረት፥ ዝምድናን የሚያስረዳው ማንኛውም መመሳሰል ሳይሆን ከአንድ ቅርብ አባት በአዲስነት የተገኘ መመሳሰል ነው። ሦስት ወንድማማቾች ከአያታቸው የወረሱትን የድሮ ቤት እንደ ነበረ ቢጠብቁና አራተኛው ቤቱን አፍርሶ በአዲስ መልክ ቢሠራ፥ አራተኛው ወንድም አይደለም ልንል አንችልም። ሜጋባላነስ ቅደም ተከተሉን በብዙ ለውጧል። ሁለቱ ሜጋባላነሶች ይህን ለውጥ አብረው ከያዙ፥ ለውጡ እርስ በርሳቸው ዘመዳሞች መሆናቸውን በሚገባ ያስረዳል። ከሌሎቹ ጋር ያላቸውን ዝምድና ግን አያፈርስም። ሦስቱ የተካፈሉት ቅደም ተከተል ጥንታዊው ከሆነ፥ ስለ ሦስቱ የተለየ ዝምድና የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። በአንጻሩ በእነርሱ ዘንድ ብቻ በአዲስነት የተገኘ ከሆነ ብርቱ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ተለየ ከማለት በፊት የትኛው የቀደመ፥ የትኛው የተለወጠ መሆኑን በየደረጃው ማሳየት ያስፈልግ ነበር፤ ፍርዱም በዚያ ላይ መመሥረት ነበረበት።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ነው። ሁለቱ ንባቦች፥ ማለት ፊደላቱና ቅደም ተከተሉ፥ አንዱ ሌላውን ያጸናል ሲባል፥ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ እንደማያደርግ ታስቦ ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ዲ.ኤን.ኤ. ሁለት ፈትሎች አሉት፤ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ሁለቱ ፈትሎች አንድ ዓይነት የፊደል ለውጥ አይደርስባቸውም፤ አንዱ ፈትል ወደ አንዳንድ ፊደላት፥ ሌላው ወደ ሌሎች ያደላል። አንድ የዘረ መሎች ቡድን ከቦታው ተገልብጦ ወደ ሌላው ፈትል ቢዛወር፥ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተቃራኒ በሆነ ግፊት ሥር ይወድቃል፤ ፊደላቱም በፍጥነት ይለዋወጣሉ። ሐሳኒን፥ ሌዤና ዶይች በ2005 በብዙ እንስሳት ላይ ይህን አሳይተው፥ እንዲህ ያለው መገለባበጥ የዘር ሐረግን ሊያሳስት እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። በባርናክሎች ዘንድ ከታዩት የቅደም ተከተል ለውጦች መካከል ደግሞ እንዲህ ያለ መገልበጥ ይገኛል። አንድ ባርናክል ዘረ መሎቹ ስለ ተገለበጡ ፊደላቱ ከዘመዶቹ ፊደላት ርቀው ቢገኙ፥ ስሌቱ ርቀቱን የዘመን ርቀት አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቅደም ተከተሉ የፊደላቱን ሐረግ ያጸናው ሁለተኛ ምስክር ስለ ሆነ ሳይሆን፥ ፊደላቱን ያጣመመው እርሱ ራሱ ስለ ሆነ ነው። በሜጋባላነስ ላይ የደረሰው ይህ ነው ብለን አንወስንም። ነገር ግን ጥርጣሬውን ለማስወገድ ቀላል መንገድ አለ። ፈትል የለወጡ ዘረ መሎች ካሉ እነርሱን አውጥቶ ሐረጉን በቀሩት ብቻ እንደገና መሥራት ነው። ሐረጉ ካልተለወጠ ክርክሩ ይጠነክራል፤ ከተለወጠም ምክንያቱ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ ስንል የማይቶኮንድሪያን ምስክርነት ልንጥል አይደለም። ጥናቱ ራሱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይዟል። በሐረጉ ላይ አርጉለስ የሚባለው የዓሣ ቅማል ከፔንታስቶሚድ ጋር ተጣምሮ ይገኛል። ፔንታስቶሚዶች በእባብና በሌሎች ገበሎአስተኔ ሳንባ ውስጥ የሚኖሩ፥ ትልን የሚመስሉ ጥገኛ ፍጥረታት ናቸው፤ በመልካቸው የሸርጣንን ወገን ጨርሶ አይመስሉም። ሆኖም ቪንግስትራንድ በ1972 የሁለቱን የወንድ ዘር ሕዋስ አሠራር መርምሮ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ነበር። በ1989 ከኒውክለስ የተገኘ የራይቦሶም አር.ኤን.ኤ. ዘረ መል ይህንኑ መሰከረ። በ2004 ደግሞ ላቭሮቭና ባልደረቦቹ በማይቶኮንድሪያ ጂኖም ወደዚያው መደምደሚያ ደረሱ። ሦስቱ ምስክሮች እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ፥ እያንዳንዳቸው ከሌላ ቦታ መጥተው አንድ ቃል ስለ ተናገሩ፥ መጀመሪያ እንግዳ የነበረው አሳብ ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል። ለባላኒዴም የሚያስፈልገው ይህን የመሰለ ነገር ነው፤ ከዐሥር ይልቅ ብዙ ዝርያዎች፥ የኒውክለስ ዘረ መሎች፥ ዳርዊን የጀመረው የሰሌዳዎችና የአካላት ምርመራ፥ እንዲሁም ቅሪተ አካላት። የሚታወቁት ሕያዋን የባርናክል ዝርያዎች ከ2,000 በላይ በመሆናቸው፥ ዐሥሩ ከ200 አንድ እንኳ አይሞሉም።

ክርክሩ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ መናገር ተገቢ ነው። በ2021 ቻንና ብዙ ባልደረቦቻቸው ሕያዋኑንም ቅሪተ አካላቱንም ያጠቃለለ አዲስ የባርናክሎች አመዳደብ አወጡ። ቻን ከ2015ቱ ጥናት ደራሲዎች አንዱ ናቸው። በዚህ አመዳደብ ባላኒዴ አልተሻረም፤ ይልቁንም ሰፋ። ቀድሞ ለብቻቸው ይቈጠሩ የነበሩት ሁለት ቤተሰቦች፥ ማለት የእነ ስትራያቶባላነስና የእነ ኖቢያ፥ በባላኒዴ ጥላ ሥር ንኡሳን ቤተሰቦች ሆነው ገቡ፤ ሜጋባላነስም በዚያው ውስጥ ቀረ። ይህን ስናነብ በክበባችን የተከራከርነው ሁላችንም በከፊል መሳሳታችንን ተረዳን። የቆየው አመዳደብ ይሻር ያልነው ወገኖች ፍርዱን አስቀድመን ሰጥተን ነበር። ማስረጃው አይበቃም ያልነውም ብንሆን፥ አምፊባላነስ ከጎረቤት ቤተሰቦች ጋር የተጠጋጋችበትን የማይቶኮንድሪያ ቃል አቃለን አይተነው ነበር፤ ያ ቃል ግን ቤተሰቦቹን የለየው የቀድሞ ድንበር በትክክለኛው ቦታ አለመተከሉን በእውነት አመልክቷል። ምስክሩ ድንበሩ ስሕተት ነው ሲል ልክ ነበር፤ ድንበሩ የት ይተከል የሚለውን ግን ብቻውን ሊወስን አልቻለም።

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ አንድ ነገር እንጨምር። አምፊባላነስ አምፊትሪት በመርከቦች ሆድ ላይ ተጣብቃ ከወደብ ወደ ወደብ የምትዛመት፥ የመርከብን ጉዞ የምታከብድና ነዳጅ የምታስጨርስ ፍጥረት ናት፤ ባርናክል እንዳይጣበቅ የሚያደርጉ ቅቦች በብዙ ቤተ ሙከራ የሚፈተኑት በእርሷ ላይ ነው። በአንድ ዝርያ ላይ የተገኘውን ውጤት ለሌላው ማስተላለፍ የምንችለው ሁለቱ በእውነት ሲዛመዱ ነው። የውሸት ቤተሰብ በስሙ ብቻ አምነው የሚከተሉትን ሁሉ ያሳስታል።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ነገሩ ከዚህም የቀረበ ነው። የተነበቡት ጂኖሞች ለሁሉ ክፍት በሆኑ መዝገቦች ተቀምጠዋል፤ ስሌቱን የሚሠሩት ፕሮግራሞችም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። ከባሕር ርቆ በአዲስ አበባ የተቀመጠ ተማሪ እንኳ አንድ ኮምፒዩተር ቢያገኝ፥ በጥቂት ቀናት ውስጥ የባርናክሎችን የዘር ሐረግ ሠርቶ ማቅረብ ይችላል። ይህ ታላቅ ዕድል ነው፤ ፈተናም አለበት። ስሌቱ ሁልጊዜ ሐረግ ይሰጣል፤ በየቅርንጫፉም ላይ ቁጥር ያስቀምጣል። ቁጥሩ ከመቶ መቶ ቢሆንም፥ ጽሑፉ ከራሱ ጋር መስማማቱን ያሳያል እንጂ ከእውነት ጋር መስማማቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ከመካከላችን ይህን የመሰለ ሥራ የሚጀምር ሁሉ፥ ከመፍረዱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንዲጠይቅ እንመክራለን። ምስክሮቼ ስንት ናቸው? የተመሳሰሉት በአዲሱ ነው ወይስ በጥንታዊው? አንዱ ንባቤ ሌላውን አጣሞት ይሆን?

ሸንና ባልደረቦቻቸው ጥርጣሬያቸውን በግልጽ ጽፈው ለተከታዩ ተመራማሪ በር ከፍተዋል። እኛም ትችታችንን ስንጽፍ ከሥራቸው አንዳች ልንቀንስ አስበን ሳይሆን፥ ጥንቃቄያቸውን ከመደምደሚያቸው ይልቅ እንድንማርበት ብለን ነው። የተሳሳትንበት ቦታ ቢኖር፥ መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን በሚቀጥለው እትም ቢያርሙን በምስጋና እንቀበላለን።